ወይዘሮ ሸክፊ

የጄኔራሉ ሚስት አዋላጅ ነርስ ነበረች። ስም አጥታ አይደለም፤ ግን በየጦር ሰፈሩ ያሉ የመኮንን ሚስቶች «ወይዘሮ ሸክፊ» ብለው አወጡላትና እሱው መጠሪያዋ ሆኖ ቀረ። ለምን መሰላችሁ? ባሏ የዝውውር ትእዛዝ በደረሰው ቁጥር፣ ቆቡን እንኳ ሳያወልቅ ከበር ላይ የሚላት አንዲት ቃል ናት፤ «ሸክፊ!» በቃ። ወዴት፣ ለምን፣ ትወጃለሽ ወይ የሚል ወሬ የለም። እሷም ሥራዋን ትለቅና ትሸክፋለች። ነገ ለሚለቁት ቤት ደግሞ ማን ግድግዳ ይበሳል? የሠርጋቸው ፎቶ ከሣጥን ወጥቶ አያውቅም።

ጡረታ ሲወጣ ሐይቅ ዳር ትንሽ ቤት ገዙ። የገቡ ዕለት መዶሻ አንሥታ ሚስማር መታች፤ ፎቶውን ሰቀለች። እፎይ! ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ ሕልም ሕልም ይላት ጀመር። ጠዋት ጭጋጉ ከሐይቁ ተነሥቶ እስከ መስኮቱ ይመጣል፤ ዛፉም ጀልባውም ይጠፋና ቤቱ ብቻውን የሚንሳፈፍ ይመስላታል። ከሰዓት በረንዳው ላይ ዐይኗን ስትከድን፣ የኖረችባቸው ቤቶች ሁሉ ባዶ ክፍሎቻቸውን ይዘው በውሃው ላይ ቀስ ብለው ያልፋሉ። አንዱም አይጠራትም። ደስ ይላታል።

ምን ያደርጋል! የፓርቲ ሰዎች መጡ፤ ጄኔራሉን ለምክር ቤት ተወዳደር ብለው ለመኑት፤ ተወዳደረ፤ አሸነፈ። ውጤቱን የሰማ ዕለት በረንዳው ላይ ብቅ አለና፣ «ሸክፊ! ዋና ከተማ ልንገባ ነው» አላት። ክው አለች።

እሱ ግን የራሱ ጭንቅ ነበረበት። ምክር ቤት ውስጥ ለመናገር እጅ አውጥቶ አፈ ጉባኤዋን ማስፈቀድ ግድ ነው፤ ማስፈቀድ ደግሞ የት ያውቅና! «እስቲ አለማምጂኝ» አላት። ጭልፋ ይዛ ሳሎኑ ውስጥ አፈ ጉባኤ ሆና ተሰየመች።

«ዝም በሉ! እናገራለሁ!» ብሎ ጀመረ።

ጠረጴዛውን በጭልፋው ኳ አደረገችው። «የተከበሩ አባል፣ እዚህ ሰልፍ ሜዳ አይደለም። ይቀመጡ።»

ሳቀና ተቀመጠ። ደግሞ ተነሣ፤ ደግሞ አስቀመጠችው። ጭጋጉ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ሳሎኑ ነጭ ሆኗል፤ ከሁለቱ በቀር ዓለም ላይ ሰው ያለ አይመስልም። በመጨረሻ እጁን ቀስ ብሎ አወጣ።

«ክብርት አፈ ጉባኤ፣ ዕድል ቢሰጠኝ አንድ ጥያቄ ነበረኝ።»

«ይቀጥሉ።»

ምን እንደሚጠይቅ አላሰበበትም። ዐይኑ ግድግዳው ላይ፣ ፎቶው ላይ ዐረፈ። ድምፁ ወረደ። «ባለቤቴ… አብራኝ ለመሄድ… ፈቃዷ ይሆን?»

እንባዋ መጣ። ይህችን ጥያቄ ስትጠብቅ አይደል ጸጉሯ የሸበተው! አንድ ቀን ቢጠይቀኝ ዐይኔን ሳላሽ እሺ እለዋለሁ ስትል ኖራለች። አሁን ተጠየቀች፤ መልሱ ግን ሌላ ሆኖ አገኘችው።

«አልተፈቀደም» አለች።

ጄኔራሉ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። እጁ ግን አሁንም እንደተነሣ ነው። ቀስ አድርጎ አወረደውና ተቀመጠ።

በማግሥቱ ሻንጣውን ራሱ ሸከፈ። ካልሲው የት እንደሚቀመጥ እንኳ አያውቅም፤ እሷን እየጠየቀ ነው። መኪናው ሲመጣ፣ ነጠላ ጫማው አልጋው ሥር ቀርቶ አየችና ይዛለት ወጣች።

«እንካ፣ ረስተኸዋል።»

«አልረሳሁትም» አለ። ከዚያ ሾፌሩ እያየው እጁን አወጣ። «ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ይፈቀድልኛል?»