ብቻውን የቀረ ምት

ትናንት ጠዋት ጎረቤቶቼ ለሰርግ ያዘጋጁትን ከበሮ ፀሐይ ላይ አውጥተውት አየሁና እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ቆዳው ሲሞቅ የሚያወጣው ሽታ፣ ትንሽ የከብት፣ ትንሽ የአቧራ፣ ዛሬም ወደ ወጣትነቴ ይመልሰኛል።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከቡራዩ ሰበታ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተመላለስኩ ስልጠና እወስድ ነበር። ሙዚቃ ተጫውተው የማያውቁ ሰዎች፣ የሚያዩትም የማያዩትም፣ የሚሰሙትም የማይሰሙትም፣ ክብ ሠርተው አንድ ላይ ሲመቱ ጭንቀታቸው ቀለል እንዲላቸው እንዴት መምራት እንደሚቻል የሚያስተምር ስልጠና ነበር። አባቴ «ጀሪካን መደብደብም ትምህርት ሆነ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። አልተሳሳተም፤ ከበሮው አራት ብቻ ስለነበር አብዛኞቻችን የምንመታው ቢጫ ጀሪካን ነው።

አሰልጣኛችን ቀጭን፣ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ማስጀመርማ ማንም ያስጀምራል፣ መሪ የሚለየው ሲያስቆም ነው ትለን ነበር። ለሚያየው ሰው እጅህን ታነሳለህ። ለማያየው ግቢው ውስጥ የተነጠፈውን ጣውላ አራት ጊዜ በእግርህ ትመታለህ። ዓይኑን ጨፍኖ ለሚመታ መስማት ለተሳነው ደግሞ ሄደህ መዳፍህን ከበሮው ላይ ታሳርፋለህ። «አንድ ሰው እየመታ ከቀረ አላስቆምክም ማለት ነው» ትል ነበር። እኔ ይህን እንደ ውሃ ጠጥቼዋለሁ ብዬ እኩራራ ነበር።

ከቡድናችን መካከል መስማት የተሳናት ልጅ ነበረች፤ እኩያዬ ናት፣ በልብስ ስፌት ነው የምትተዳደረው። ጫማዋን አውልቃ ጣውላው ላይ ትቀመጥና ምቱ በእግሯ ሲመጣላት ዓይኗን ጨፍና ትመታለች፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማት የራሷ ከበሮ ንዝረት ብቻ ነው። ያን ጊዜ ፊቷ ላይ ጭንቀት የሚባል ነገር አይታይም። እወዳት ነበር፤ ለማንም ግን ተናግሬ አላውቅም። ከአጠገቧ የሚቀመጡት አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ነበሩ፤ ከከተማው ዳር ያለችው እርሻቸው ከተማ በሚያሰፋው ማስተር ፕላን ውስጥ ትገባለች እየተባለ ይወራ ነበር። «እዚህ ስመታ የመሬቴን ነገር እረሳለሁ» ይሉ ነበር።

ክቡን ብቻዬን የምመራበት የፈተናዬ ቀን ደረሰ። በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሳምንቱን ሙሉ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ነበር የሰነበተው። ታክሲው ዓለም ገና ላይ አውርዶን ተመለሰ፤ የቀረውን በእግሬ፣ ድንጋይና የተቃጠለ ጎማ እየተሻገርኩ ሄድኩ። ከሱሉልታ የሚመጡት ሁለቱ ሰልጣኞች ቀርተዋል። እኔም ብቀር ማንም አይወቅሰኝም ነበር፤ ግን ልጅቷ ፊት መምራት ፈለግኩ።

ግቢው ውስጥ፣ በሩን ዘግተን ጀመርን። ጥሩ ሄደልኝ። ዓይኗን ስትጨፍን አየሁና ደስ አለኝ።

ተኩሱ መጀመሪያ ከአስፋልቱ በኩል ተሰማ። ቀጥሎ ቀረበ፤ ከአጥሩ ውጭ ሰው ይሮጣል፣ አንዲት ሴት የልጇን ስም ትጠራለች። እጄን አነሳሁ። ጣውላውን አራት ጊዜ መታሁ። ከዚያ ከግቢው ኋላ ወዳለው እቃ ቤት ሮጥኩ። አሰልጣኛችን ከቡድናችን መራመድ የማትችል አንዲት ሴት ከሌላ ሰው ጋር ተሸክማ ስትገባ እኔ ቀድሜ የእቃ ቤቱ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር።

በሩ ተዘጋ። በጨለማው ውስጥ የሁላችንም ትንፋሽ ይሰማል። እና ውጭ አንድ ከበሮ፣ ብቻውን፣ ሳይቸኩል ይመታል።

ማን እንደሆነች ወዲያው አወቅሁ። ልነሳ አልኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከግቢው በር ማዶ የጫማ ኮቴ መጣ፣ ብዙ ኮቴ፤ እሷ ደግሞ ያለንበትን ለማያውቅ ሁሉ እየተናገረች ነው። ክፉ ነገር አሰብኩ፤ ምንም ትሁኚ፣ ብቻ ዝም በይ አልኩ በልቤ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም።

ሽማግሌው ዱላቸውን ፈልገው ተነሱ።

«ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ ያቺ ልጅ እኮ አልሰማችም» አሉ።

«አባባ፣ አይውጡ። ደግሞስ ማን ይመራዎታል?» አልኳቸው።

«እሷው እየመራችኝ ነው» አሉና ወጡ።

ዱላቸው ድንጋዩን ሲነካ እሰማ ነበር። ከበሮው ቀጠለ፣ ቀጠለ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። የዚያን ጸጥታ ያህል የፈራሁት ነገር በሕይወቴ የለም። ኮቴው ራቀ። በሩ ተገፍቶ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ፤ እሷ ባዶ እግሯን ናት። ሁላችንንም አንድ በአንድ አየችና እኔ ላይ ስትደርስ ቆመች። ዓይኔን ወደ መሬት አደረግኩ።

መንገዱ ሲረጋጋ ስልጠናው ቀጠለ። ሽማግሌው ነገሩን አንስተውብኝ አያውቁም። አሰልጣኛችን እንደገና ፈተነችኝና አለፍኩ፤ ወረቀቱ ዛሬም አለኝ፣ የምተዳደረውም በዚሁ ሥራ ነው። ልጅቷን በምልክት ይቅርታ ስጠይቃት ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ ሳቀች። እስከ መጨረሻው ቅዳሜ አልቀረችም፤ ጫማዋንም እንደ ድሮው ታወልቅ ነበር። ዓይኗን ግን ከዚያ ቀን በኋላ ጨፍና አታውቅም። ከበሮውን እየመታች እጄን ታይ ነበር።