«ደክሞኛል» የምትለው ቃል

ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ለነፍስ አባቴም ትንፍሽ አላልኩም። ለእርስዎ የምናገረው ስለማያውቁኝ ነው።

ጡረተኛ ነኝ። መርካቶ፣ ሚስቴ መጋረጃ የምትሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ላይ እውላለሁ። «ካፒቴን፣ ዛሬም በረራ የለም?» እያሉ ጎረቤቶቹ ይቀልዱብኛል፤ እኔም እስቃለሁ። ደስተኛ ነኝ ብል አልዋሸሁም።

ድሮ የአብራሪዎች አለቃ ነበርኩ። አለቃ የሆነ ከአብራሪዎች ማኅበር ይወጣልና ወጣሁ። ስሜ ከመዝገቡ ቢሰረዝም ልቤ ከእናንተ ጋር ነው፣ ከውስጥ ሆኜ እሟገትላችኋለሁ አልኳቸው። አመኑኝ። እኔም ራሴን ማመኔ ነው የባሰው።

አንድ ጠዋት፣ እኔው ያሠለጠንኩት ዳዊት የሚባል ረዳት አብራሪ ቢሮዬ መጣ። ያለ በቂ ዕረፍት ሲበር ሰንብቶ ዓይኑ ደም ለብሷል። ያመጣው ወረቀት «ደክሞኛል፣ ዛሬ መብረር አልችልም» ይላል። በእኛ ሥራ ይህች ቃል ቀላል አይደለችም። አብራሪ «አሞኛል» ካለ ጣጣው የራሱ ነው፤ «ደክሞኛል» ካለ ግን ተጠያቂው የበረራ ፕሮግራሙን ያጸደቀው ሰው ነው። ማኅበሩም የዕረፍት ሰዓት እንዲጨመር ለመደራደር ይህችኑ ቃል በማስረጃነት ይፈልጋት ነበር።

ፕሮግራሙን ያጸደቀው ማን ነበር? እኔ ነበርኩ።

«አሞኛል ብለህ ጻፈው» አልኩት። «ጥርስ ውስጥ እንዳትገባ ብዬ ነው።»

«እርስዎ ካሉ እሺ፣ ጋሼ» አለና ሌላ ወረቀት ጻፈ። የመጀመሪያውን እኔ ቀደድኩት። በዚህችው እጄ ቀደድኩት።

ድርድሩ ሲመጣ የተቀመጥኩት በአስተዳደሩ በኩል ነው። ደከመኝ ያለ አብራሪ አለ ወይ ተብዬ ተጠየቅሁ። ዳዊት ከማኅበሩ ሰዎች መሀል ሆኖ ያየኛል። የደረሰኝ የሕመም ሪፖርት ብቻ ነው አልኩ። እሱ ለጓደኞቹ እውነቱን ነግሯቸው ስለነበር በእኔ አፍ ውሸታም ሆኖ ቀረ። የዕረፍት ሰዓቱም አልተጨመረም።

አለቃ ለአብራሪ ጠበቃ ይሆናል? እኔን ከጠየቁኝ፣ የራሱ ፊርማ እስኪነካ ድረስ ይሆናል።

ባለፈው ሳምንት ዳዊት ሳያስበው እኛ ሱቅ ገባ። ሸብቷል። ሚስቴ መጋረጃ ስትለካለት አየኝና አቀፈኝ፤ ለእሷም፣ «ጋሼ ያኔ ድካሜን የደበቁት ጥርስ ውስጥ እንዳልገባ፣ ለእኔ ሲሉ ነው» ብሎ ነገራት። እሷ በእኔ ኮራች። እኔ ፈገግ አልኩ። እውነቱን ባለመናገሬ ሁለተኛ በደልኩት ማለት ነው።

እሱ ከሄደ በኋላ የጨርቅ ጣቃ የያዘ አንድ ተሸካሚ ሱቃችን ፊት ቆሞ ደከመኝ አለ። ጓደኛው ምንም ሳይጠይቅ ጣቃውን ተቀበለው። ይኸው ነበር የሚጠበቅብኝ።

ጸጸቱ እንቅልፍ ነሳኝ እንድልዎ ይጠብቁ ይሆናል። አልነሳኝም። ደህና እበላለሁ፣ ደህና እተኛለሁ። ዳዊት ግን ያን ጠዋት የለመነኝ ይህንኑ እንቅልፍ ነበር፤ ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልልም።