በመስቀል በሬ የተለወጠው ጊታር

በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው፤ ዓለምዘውድ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የቃጫ ገመድ ትገምድ ነበር። ለመስቀል የሚታረደውን በሬ ልታስርበት ነው። የገመዱን ጫፍ በእግሯ ጣት ይዛ ቃጫውን በመዳፏ ስታሽ፣ በሬውን ውሃ ላጠጣው ብሎ የወጣው ባሏ ያረጋል ከቡታጅራ በኩል ብቅ አለ። በሬው የለም። ብብቱ ሥር ወገበ ቀጭን ሣጥን የመሰለ ነገር ታቅፏል።

«በሬውስ?»

«ለጣሊያኑ ሾፌር ሰጥቼ ይህን ለወጥኩ። ጊታር ይባላል።»

«የመስቀሉን በሬ? አንተ ሰውዬ!»

«ጣሊያኖቹ ነገ መጥተው በነፃ ሊነዱት አይደል? ቀደምኳቸው። ደግሞ እይው፣ እንደ ክራር ስድስት ክር ነው። እስከ መስቀል እለምደዋለሁ፤ እንግዳው በዜማ ይጠግባል።»

ዓመቱን ሙሉ ቆጮ በጎመን የበላ ዘመድ፣ ለመስቀል ሥጋ ብሎ ከየአገሩ ሲመጣ፣ ያረጋል በዜማ ሊያጠግበው! ዓለምዘውድ ገመዷን ጠቅልላ ምሰሶው ላይ ሰቀለች። «የሚታሰር እስኪገኝ እዚህ ይቆያል» አለች።

ጎረቤታቸው ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ የታወቁ ክራር ደርዳሪ ነበሩ። ጊታሩን ገለባብጠው አዩና መከሩት።

«ልጄ፣ ይኼ እንደ ክራር አይደለም፤ አንገት አለው። ሾፌሩ ሲጫወት አይቼዋለሁ፤ በግራ እጁ ክሩን ይጫናል። አስቀድመህ ቃኘው። ከዚያ አንዲት ዜማ ያዝ፣ ጣትህ ራሱ መንገዱን እስኪለይ ቀስ በል። እሷን ሳትጨርስ ሌላ እንዳትነካ።»

«ጋሼ፣ ይኼማ የሕፃን ነገር ነው» አለ ያረጋል።

ጊታሩን እንደ ክራር አቁሞ፣ ግራ እጁን ሥራ አስፈትቶ ይገርፈዋል። ጠዋት የጀመረውን ዜማ ሳያጋምስ ቀትር ላይ ሌላ ያነሣል። ጣቱን ሲያቃጥለው ቅቤ ተቀብቶ ይተኛል። ትጋቱ ሁሉ ማንገቻው ላይ ነበር፤ ቀይ ጨርቅ አስሮለት ገበያ መሀል ይንጎራደዳል።

መስቀል ደረሰ። ዘመድ ሞላ፤ ቆጮው በጎመን ቀረበ። ያረጋል ተነሥቶ አንዱን ጀመረ፣ ጠፋበት። ሌላ ጀመረ፣ እሱም ጠፋበት። ሦስተኛውን ሲመታ ክሩ ጧ ብሎ ተበጠሰ።

«ያን በሬ እዚህ አቁመህ ብታስገሳው ይሻለን ነበር!» አሉ አክስቱ እትዬ መሰለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዓለምዘውድ ግን አልሳቀችም፤ ደም ያልነካውን ቢላዋ መልሳ ሰቀለችው።

ያረጋል ከዚያ ወዲያ ማንገቻውን ፈታ። የተበጠሰውን ክር በጅማት ተክቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ እንደመከሩት አንዲት ዜማ ብቻ እየደጋገመ ያስነክሳት ጀመር። ውሻው እንኳ ሲጀምር እየሰማ ወደ እንሰቱ ይሸሻል። ፋሲካ ሲቃረብ ግን አንድ ቀን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይሰናከል ተጫወታት። ዘወር ብሎ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሕፃን ሚስቱን አያት።

ዓለምዘውድ ገመዱን ከምሰሶው አውርዳ ጭኑ ላይ አስቀመጠች።

«ደግ ነው። አሁን በሬዬን አምጣ።»

ያረጋል ክረምቱን በሰው እርሻ ሲቆፍር ከረመ፤ ባገኘው ገንዘብ በሬ ገዝቶ አመጣ። በሚቀጥለው መስቀል ዜማው ያው አንዲቱ ነበረች፤ ሥጋው ግን ለሁሉ በቃ።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡ፣ በቤታችሁ ጀማሪ ካለ፣ አንዲት ዜማ ሳይጨርስ አታጨብጭቡለት፤ አደራ። በሬ ውሃ ላጠጣ ካለም አብራችሁት ውረዱ።