ለብቻዬ የበላሁት ሽሮ

ልጄ ስትቆጣ አታወራም። የዚያን ቀን ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተን የወንዙን ድልድይ እስክንሻገር መሪውን አንቃ ይዛ አንድ ቃል አልወጣትም። እኔ ደግሞ ዝምታ አልችልም።

"ምነው፣ ለቅሶ ነው እንዴ የምንሄደው?" አልኳት።

"ላንቺ ስል ነው እማዬ። እዚያ ቤት አንድ ነገር ካየሁ ግን ሁለተኛ እግሬ አይረግጥም።"

እንደማትቀልድ አውቃለሁ። ወንድሟ ጴንጤ ቤት ያደገች ልጅ ሲያገባ ሰርጉ ላይ አልተገኘችም። ከዚያ ወዲህ እሱ እኔን ሊያይ ሲመጣ፣ እሷ ሥራ ትገባለች። ያሉኝ ሁለት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱን በአንድ ማዕድ ካየሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። የፈረንጅ ገና ደግሞ ሁሉ ነገር ተዘግቶ ሰው ከቤተሰቡ ጋር የሚውልበት ቀን ነው። በኛ ገና ማን ከሥራ ኦፍ አለው? ስለዚህ ለምኜም፣ አኩርፌም፣ ትንሽ አሞኛል ብዬም ወደ ወንድሟ ቤት ይዣት ወጣሁ።

አንድ ችግር ነበር። የፈረንጅ ገና ሲመጣ እኛ ገና ጾም ላይ ነን።

"እሷ ስለ ጾም ምን ታውቃለች?" አለች ልጄ መኪናውን እያቆመች። "ቅቤ ታበላሽና ታያለሽ።"

አሌክሳንድርያ ያለው የወንድሟ ቤት በር ላይ ስንደርስ ሚስቱ ከፍታ ጠበቀችን። ጉንብስ ብላ ሳመችኝና፣ "ሁሉም የጾም ነው እማማ፤ ድስቶቹን ራሱ አዲስ ነው የገዛሁት" አለችኝ። ልጄ "እናያለን" አለች፣ ኮቷንም ሳታወልቅ።

ገበታ ቀረበ። ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ምስሩ። ልጄ እንደ ኤርፖርት ፈታሽ ሳህን ሳህኑን ታያለች። ወንድሟ ይቁነጠነጣል። ሙሽራዪቱ ሽሮውን በእንጀራ ጠቅልላ ወደ አፌ አመጣችው።

"በሞቴ፣ እማማ!"

ጎረስኩ። ምላሴ ላይ ሲያርፍ ቅቤ ነው! ያውም የተነጠረ፣ ኮረሪማው የሚጣራ። ስንት ዘመን የበላሁትን ቅቤ እኔ ልስተው?

አፌ እንደሞላ ቀረሁ። ብተፋው ልጅቷ አለቀላት፤ ልጄም ያለችው ደረሰላት። ብውጠው ጾሜ ሄደ። ሙሽራዪቱ እጇን ዘርግታ አፍ አፌን ታያለች።

"ምነው እማዬ?" አለች ልጄ።

ዋጥኩት። "ምን ምነው? ትኩስ ነዋ!"

ተገላገልኩ ስል ልጄ እንጀራ ቆርሳ እጇን ወደ ሽሮው አትዘረጋም! ሳህኑን መንጭቄ ጉያዬ ውስጥ አስገባሁት።

"ይሄ የኔ ነው!"

"ምን ነካሽ?"

"ጥርስ የለኝም። አንቺ ጎመን ማኘክ ትችያለሽ። እጅሽን ሰብስቢ!"

ሙሽራዪቱ ፊቷ በራ። "እማማ፣ ድስቱ ውስጥ ሞልቷል፤ ለሁሉም ላምጣ?"

"እንዳታመጪ!" ብዬ ጮህኩ፤ ራሴው ደነገጥኩ። "የተረፈውን ቋጥሪልኝ፣ ይዤው ነው የምሄደው።"

ልጄ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሳህኑን አየች። ወንድሟ ግን ሎተሪ እንደደረሰው ሰው ፈገግ ብሏል። ጠረጠርኩት። እጄን አስታጥበኝ ብዬ ኮሪደር ላይ ጆሮውን ያዝኩት።

"ጣፈጠሽ አይደል እማዬ?" ይለኛል በሹክሹክታ። "እሷ ልትለብስ ስትገባ እኔ ነኝ ቅቤ ጣል ያደረግኩበት።"

"ጾም አይደለም እንዴ፣ አንተ ደደብ!"

"ዛሬ ገና አይደል? ተፈታ ብዬ ነዋ።"

"ገናው የፈረንጅ ነው! የኛው ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል!"

አፉን በእጁ ያዘ። "ወይኔ! በቃ፣ ለእህቴ እኔ ነኝ ብዬ ልንገራት።"

"ማን ያምንሃል? ለሚስቱ ሲል ነው ትላለች። ዝም በል!"

ወደ ገበታው ስንመለስ፣ ትቼው የሄድኩት ሽሮ ልጄ ፊት ነው ያለው። ጣቷን በሶፍት ትጠርጋለች።

"ጎመኑ ቆንጆ ነው፤ ሚጥሚጣ አለሽ?" አለቻት ሙሽራዪቱን። ኮቷ ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል። ትቅመሰው፣ አትቅመሰው፣ ከፊቷ ማንበብ አቃተኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ የቋጠሩልኝን ሽሮ ታቅፌ ተቀመጥኩ። ልጄ አሁንም ዝም። ሂተሩን ስትለቀው ሽሮው ሞቀ፣ ቅቤው መኪናውን ሞላው። መስኮቱን ከፈትኩ፤ ብርዱ ፊቴን ገመጠኝ።

"ዝጊው እማዬ።"

"ሞቀኝ።"

"ዝጊው። ቀምሼዋለሁ።"

መንገዱን እያየሁ ጠበቅኩ። ብዙ ነዳች።

"አዲስ ድስት የገዛች ሰው ቅቤ አትጨምርም" አለች በመጨረሻ። "ያ ጅል ወንድሜ ነው አይደል?"

"እኔ ምን አውቄ!"

"ለኛ ገና ኦፍ እጠይቃለሁ። እኛ ቤት ይምጡ፤ ያን ጊዜ እንደልቡ ቅቤውን ይጨምር።" ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "ለንስሐ አባትሽ ግን አንቺው ንገሪያቸው።"

"አንቺስ? ቀምሼዋለሁ አላልሽም? አብረን ነው የምንሰግደው!"

እንዳላያት ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል። መስኮቴን በራሷ በኩል ባለው ቁልፍ ዘጋችብኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ እስክንገባ ቅቤ ቅቤ እንደሸተትን ሄድን።