የአክስቴ ኩሬና ሰማያዊው መድኃኒት

ዛሬ ጠዋት፣ ዲላ፣ ልጄ ቤት ሆኜ ጢሜን ልላጭ ሳሙና ብቀባ አረፋው ተነስቶ እስከ ጆሮዬ ደረሰ። ጢሜ ራሱ ሦስት ዘለላ ነው፤ ለሦስት ዘለላ ያን ያህል አረፋ ምን ይሠራል? ስስቅ ቆየሁና ሳቄ ጠፋ። የሳሙና አረፋ ባየሁ ቁጥር የሞቱ ዓሦች ይታዩኛል። ጅል ሽማግሌ በለኝ፤ ያኔም ጅል ነበርኩ፣ የጎደለኝ ሽምግልናው ብቻ ነው።

ወጣት ሳለሁ ስምጥ ሸለቆ ወርጄ፣ አንድ ሐይቅ ዳር ዓሣ ማርባት ተምሬ፣ የምስክር ወረቀቴን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ጨለለቅቱ ከተማ አጠገብ ወደምትኖረው አክስቴ ተመለስኩ። ባሏ የሞተባት አክስቴ የእኔን ወሬ አምና የእንሰት ማሳዋን ግማሽ ነቅላ ኩሬ አስቆፈረች። ልጆቿ የሚበሉት ተነቅሎ ነው እንግዲህ ዓሣ የተተከለው። ከሐይቁ ያመጣኋቸው የቆሮሶ ዓሣ ጫጩቶች ከጥፍር አይበልጡም። ፀሐይ በእንሰቱ ቅጠል መሀል ሾልካ ስትገባ እንደ መርፌ ብልጭ ብልጭ ይሉ ነበር።

አንድ ሰሞን ጫጩቶቹ ገላቸውን ከድንጋይ ጋር ማሻሸት ጀመሩ። ተባይ ይዟቸዋል፤ ይህንንማ ተምሬያለሁ። ያንን እንደ መስታወት ስብርባሪ የሚያበራ ሰማያዊ መድኃኒት ሐይቁ ዳር በምንመዝነው ልክ መዘንኩና በባልዲ አሟሙቼ ኩሬው ላይ ረጨሁት።

«ዶክተር፣ አልበዛም?» አለች አክስቴ። ዶክተር የምትለኝ ስታሾፍብኝ ነው።

«እዚያ በገዛ እጄ ስንት ጊዜ ሰጥቻለሁ! አንድም አልሞተ።»

እኩለ ቀን ላይ ኩሬው ነጣ። ጫጩቶቹ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አዙረው ተንሳፈፉ። አክስቴ አንዷን በመዳፏ አነሳችና «ትነቃለች?» አለችኝ።

ምን ልበላት? ወረቀት እያለኝ መድኃኒቱን ልጠርጥር? ቀና ስል ከላይ በኩል ጎረቤቷ፣ ዝምተኛው ሰውዬ፣ በእጅ መፈልፈያቸው ቡና ይፈለፍላሉ። የገለፈቱ ውሃ የኮመጠጠ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የምንጠቀመው ምንጭ አንድ ነው፤ የእሳቸው እጣቢ ቢያመልጥ ወደ እኛ ኩሬ ነው የሚወርደው። «እሳቸው ናቸው!» አልኩ።

ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት ሶንጎ ከሰስኳቸው። ሶንጎ ላይ አይዋሽም፤ እኔም አልዋሸሁም፣ የማላውቀውን ነገር በድፍረት ተናገርኩ እንጂ።

«ሲፈስ አይተሃል?» አሉኝ አንድ ሽማግሌ።

«ሸትቶኛል።»

«አፍንጫም ይመሰክራል እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጎረቤቷ ግን አልሳቁም። «ቡና አጥቤያለሁ። ውሃውን ወደ ጉድጓድ ነው የመራሁት» አሉ። ትንሽ አሰቡና «ሾልኮ ከሆነ ግን እኔ ምን አውቃለሁ?» ብለው ጨመሩ። ነገሩ እስኪጣራ ፍርዱ ቆየ።

ዋናው ግራ መጋባት የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። በርሜል ውስጥ ለይቼ ያቆየኋቸው ጥቂት ጫጩቶች ነበሩ። እነሱም መታከክ ጀመሩ፤ ያንኑ መድኃኒት በዚያው ልክ ብሰጣቸው አለቁ። በርሜሉ ውስጥ ገለፈት የለም፤ መፈልፈያውም ዝም ብሏል። ሚዛኔን ወስጄ ከባለሱቁ ሚዛን ጋር አመሳከርኩት፤ ልክ ነው። ያው መድኃኒት፣ ያው ልክ፣ ያው ዓሣ፤ እዚያ ያድናል፣ እዚህ ይገድላል። የተረገምኩ መሰለኝ። ለማንም ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ብዙም ሳይቆይ የሐይቁ አስተማሪዬ ሌላ ጫጩት ይዘውልን መጡ። በምንጫችን ውሃ እጃቸውን በሳሙና ሲታጠቡ አረፋው ክንዳቸውን ዋጠው፤ ቢያጥቡት ቢያጥቡት አልለቅ አለ። ድንገት ቆም ብለው «ለመሆኑ መድኃኒቱን ስትሰጥ ስንት መዘንክ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ራሳቸውን ያዙ።

«የሐይቁ ውሃ ውስጥ ኖራ አለ፤ መድኃኒቱን ያለዝበዋል። ሳሙና እዚያ እንደ ልብ አረፋ የማያወጣውም ለዚህ ነው። የእናንተ ውሃ ከተራራ የወረደ፣ ምንም የሌለበት ነው። መድኃኒቱ የሚያበርደው አጥቶ በሙሉ ኃይሉ የጫጩቶቹን ስንጥብ፣ መተንፈሻቸውን አቃጠለው። መጀመሪያ ውሃው ይመረመራል፣ ከዚያ ነው መድኃኒት የሚመዘነው።»

«ይህን አስተምረውናል እንዴ?»

«አስተምሬያችኋለሁ። አንተ ከኋላ ተቀምጠህ ሰው ታስቅ ነበር።»

እውነቱን ልንገርህ? ንጹሕ ውሃ መድኃኒትን መርዝ ያደርጋል የሚለው ነገር ዛሬም በቅጡ አልገባኝም።

ወደ ጎረቤቷ ሄድኩ። መፈልፈያው በኬሻ ተሸፍኗል። ለካ ከሶንጎው ቀን ጀምሮ ቡና አጥበው አያውቁም፤ እሸቱን በጀርባቸው ተሸክመው እስከ ማጠቢያ ጣቢያው ይወስዳሉ።

«አባቴ፣ ዓሦቹን የገደልኩት እኔ ነኝ። እርስዎ አይደሉም።»

«አይደለሁም?»

«አይደሉም።»

«ውሃው አምልጦኝ እንደሆነስ?»

«አላመለጠዎትም።»

መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «የአክስትህ ልጆች ሲያልፉ ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ ነበር» አሉ።

ሶንጎ ላይ ቆሜ ጥፋቴን ተናገርኩ፤ ታረቅን። አክስቴ አዲሶቹን ጫጩቶች ያለ መድኃኒት አሳደገቻቸው፤ እኔን ወደ ኩሬው ድርሽ አላስባለችኝም። ጎረቤቷ ግን መፈልፈያውን ዳግመኛ አልነኩም።

ከብዙ ዓመት በኋላ እኚሁ ጎረቤቷ ታመው ልጠይቃቸው ሄድኩ። እርጅና ስሜን አስረስቷቸዋል። አተኩረው አዩኝና «እነዚያ ዓሦች… እኔ ነበርኩ እንዴ?» አሉኝ።

«አይደሉም አባቴ፤ እኔ ነኝ።»

እጄን ይዘው ፈገግ አሉ። ጥቂት ቆይተው እንደገና ጠየቁኝ።