በመንገድ ዳር ያቆምነው ድንጋይ

ከባምባሲ ወደ አሶሳ ሲኬድ፣ ሰፈራችንን ሊያልፉ ሲሉ፣ ከትንሿ ድልድይ ማዶ ከቀርከሃው ሥር አንድ የሲሚንቶ ድንጋይ ቆሟል። በመኪና የሚያልፍ ሰው አያየውም። የሰፈራችን ሰዎች እንዳይታይ ያደረግሽው አንቺ ነሽ ይሉኛል። እንደሚሉት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አላፍርም ነበር።

ክልሉ አዲስ በቆመበት ጊዜ ነው። እኛ በደርግ ጊዜ ከወሎ አምጥተው ያሰፈሩን ነን። ያን ሰሞን ከገበያ የሚመለስ ሁሉ ወሬ ይዞ ይመጣል። አንዱ «ሰፋሪ ወደመጣበት ይመለስ ተብሏል» ይላል፣ ሌላው «የለም፣ መጀመሪያ መሬቱ ሊለካ ነው» ይላል። ማን እንዳለው የሚያውቅ የለም። እኔ ከሁሉም የባስሁ ፈሪ ነበርሁ። ልጆቼ እዚሁ የተወለዱ ናቸው፤ ወሎን በስም እንጂ አያውቁትም። መኪና በደጃችን በቆመ ቁጥር የሚጭኑን እየመሰለኝ ልጆቼን ወደ ጓዳ አስገባቸው ነበር።

በዚህ መሀል የእድራችን ዳኛ ሐሳብ አመጡ። በመጣንበት ክረምት በወባ ላለቁት ወገኖቻችን ከመንገዱ ዳር መታሰቢያ እናቁም አሉ።

«የሰው አገሩ ሙታኑ የተቀበሩበት ነው። ያን ድንጋይ ያየ ሰው ሂዱ አይለንም» አሉ።

ከኋላ አንዷ ጎረቤቴ፣ «ሙታኑ አይበቁም ካሉን ደግሞ ጥቂት እንጨምርላቸዋለን፤ አማቴ ከወዲሁ ዝግጁ ናት» አለችና ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከእነዚያ ሙታን አንዷ ግን የኔ ልጅ ነበረች፤ ገና መዳህ የጀመረች።

ለድንጋዩ የመረጡት ከሰፈራችን በላይ ያለውን ጉብታ ነው፤ መኪና ከሩቅ የሚያየው። እላዩ ላይ ያረጁ የድንጋይ ክምሮች አሉ። ሌላው ሰው ከእርሻ የተለቀመ ድንጋይ ይመስለው ነበር። እኔ ግን ምን እንደሆኑ አውቃለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ለጉልቻ የሚሆን ድንጋይ ልወስድ ስሄድ፣ እርሻዋ ከእርሻችን የሚዋሰን አንዲት የበርታ ሴት እጄን ያዘችኝ።

«ኡክቲ፣ ይሄን ተወው። እናቴ እዚህ ተኝቷል» አለችኝ። ኡክቲ እህቴ ማለቷ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ስም አልሰጠችኝም።

ልጄ የሞተች ጊዜም የቀበረችልኝ እሷው ናት። ወንዶቹ ሁሉ በወባ ወድቀው ስለነበር በገዛ መቆፈሪያዋ ከድልድዩ ማዶ፣ ከቀርከሃው ሥር ቆፈረች። እኔ አልታመምሁም ነበር። አጠገቧ ቆሜ መከፈኛውን ነጠላ ይዤ ነበር።

ከአሶሳ ቦታውን የሚያይ ሹም መጣ። ወጣት ነው፣ የአገሬው ተወላጅ። ጉብታው ላይ ወጣን።

«መታሰቢያ የሚፈቀደው መቃብሩ ባለበት ብቻ ነው። እዚህ የተቀበረ ሰው አላችሁ?» አለ።

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። «ሌሎቻችን ታመን ስለነበር የተቀበሩበትን በቅጡ አናውቅም፤ እሷ ግን ልጇን ቀብራለች። ንገሪው እንጂ እታለም፣ ምን ያስፈራሻል?»

ሁሉም አየኝ። ድንጋዩ እዚያ ካልቆመ ማንም አያየውም፤ ማንም ካላየው ያባርሩናል ብዬ አሰብሁ። ልጆቼ መኪና ላይ ተጭነው ታዩኝ። እጄን አነሳሁና ወደ ድንጋዩ ክምር ጠቆምሁ።

ያቺ የበርታ ሴት ያኔ በመንገዱ እየመጣች ነበር፤ መሸከሚያ እንጨቷን ትከሻዋ ላይ አጋድማ፣ በግራና በቀኝ ማሽላ አንጠልጥላ። እጄ ወዴት እንደተዘረጋ አየች። ወደ እኛ ወጣችና ሰላምታ ሰጠች። ሹሙ በቋንቋቸው የሆነውን ነገራት። ሸክሟን አወረደች፣ የላላውን ገመድ አጠበቀች። ከዚያ ሁላችንም እንድንሰማ ብላ በአማርኛ ተናገረች።

«ይሄ ሴትዮ ያን ጊዜ ወባ ይዞት ነበር። ምንም አያውቅም። ልጁን የቀበረ እኔ ነው፤ ድልድይ ማዶ፣ ቀርከሃ ሥር። ሌላውም ሙት እዚያ ነው።»

ስለ እናቷ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ዳኛው፣ «ታመሽ ነበር እንዴ?» አሉኝ።

«ታምሜ ነበር» አልሁ።

«ታዲያ አሁን እጅሽን ማን አነሳው?» አለች ያቺ ቀልደኛ ጎረቤቴ። በዚህኛው ማንም አልሳቀም።

«እዚያ ማዶ ማን ያየዋል ልጄ?» ብለው ዳኛው ሹሙን ለመኑት።

«አባባ፣ ሙታኑ ያሉት እዚያ ከሆነ ድንጋዩም እዚያ ነው» አለና ወደ መኪናው ወረደ።

በማግስቱ ቤቷ ሄድሁ። የምለውን መንገድ ላይ ስደግመው ነበር የሄድሁት። ደጇ ላይ ቁጭ ብላ ቦሎቄ ትፈለፍላለች።

«ትናንት እኔ እኮ...» ስላት፣ «ኡክቲ፣ ሥራ ብዙ ነው» ብላ በሰፌድ ቦሎቄ ጭኔ ላይ አኖረችልኝ። እስኪያልቅ አብሬያት ፈለፈልሁ። ሌላ ጊዜም ያን ነገር ላነሳ ስል ሥራ ትሰጠኛለች።

ድንጋዩ ቆመ፤ የሙታኑ ስም ተጻፈበት። እሷም መጥታ ቆማ አየችው።

«ልጅ የቱ ነው?» አለችኝ።

በመሠረተ ትምህርት በለቀምሁት ፊደል ጣቴን ከሥር እያስኬድሁ የልጄን ስም አነበብሁላት። መዳፏን ስሙ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ሸክሟን አንስታ በጉብታው በኩል ሄደች። እዚያ ጉብታ ላይ የተጻፈ ነገር የለም፤ አስጽፉልኝ ብላም ማንንም አልጠየቀችም።

ያን ዓመት ሂዱ ያለን አልነበረም፤ የሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ አለፈ። ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም። የሰፈራችን ልጆች መኪና ለማየት እነዚያ ክምሮች ላይ ይወጣሉ፤ የኔዎቹም አሉበት። ከታች ሆኜ ውረዱ እያልሁ እጮኽባቸዋለሁ። ለምን ሲሉኝ የሰው እናት ተኝታበታለች ማለት ይገባኝ ነበር። እንዲያ ካልሁ ግን እኛ ከመምጣታችን በፊት አገሩ የማን እንደነበረ ሊጠይቁኝ ነው።

«እባብ አለ» እላቸዋለሁ።