የልብስ ሰፊው ዘከሪያ አደገኛ ደብተር

በጀጎል ግንብ ውስጥም ከግንቡ ውጪም ያላችሁ፣ ሻጭና ገዢ፣ ሹምና ጠባቂ፣ ሁላችሁም ይህን ዕወቁ! ቁመቱ አንድ ሜትር ከሃምሳ ስድስት፣ ድምፁ ከመስፊያ መኪናው ድምፅ የማያልፍ፣ ዘከሪያ የተባለ ልብስ ሰፊ ለአገር ደኅንነት ሥጋት ሆኖ ተገኝቷል። እናቶች፣ ልጆቻችሁን ሰብስቡ። ሜትሩ ተይዟል፤ መቀሱ ግን እስካሁን በፍለጋ ላይ ነው።

ዘከሪያ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊደር መጋላ በሚወርደው፣ በመስፊያ መኪናዎቹ ጩኸት «መኪና ግርግር» በተባለው የሰፊዎች መንገድ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰፍቷል። የሙሽሪት ሱሪ፣ ያን ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ የሚጠለፈውን ጠባቡን፣ እንደሱ የሚቆርጥ የለም ይባላል፤ ራሱም ይላል። ሌላም ሥራ አለው። ጡረታ ከወጡት ከመምህርት አስቴር ጋር የሰብአዊ መብት ኮሚቴ አቋቁሟል። አባላቱ ሁለት ናቸው፣ ጽሕፈት ቤቱ የሱቁ ጓዳ ነው፣ ማኅተሙ ደግሞ ገና አልተፈቀደም።

ማክሰኞ ዕለት በወረዳው አዳራሽ ስብሰባ ነበር። ሰብሳቢው «ቅሬታ ያለው በነፃነት ይናገር» አሉ። ይህ ሲባል አዳራሽ ሙሉ ሰው ጫማውን ያያል፤ ወጉ እንዲያ ነው። ዘከሪያ ግን አመነ። ተነሣ። መነሣቱን ማንም ስላላየው ወንበር ላይ ወጣ።

«ቢላል የሚባል የጊደር መጋላ እህል ተሸካሚ ከታሰረ አሥራ አንድ ቀኑ ነው» አለ። «ሕጉ በአርባ ስምንት ሰዓት ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ጣቢያው ሰዓት ከሌለው የኔን የግድግዳ ሰዓት ልስጣቸው።»

አዳራሹ ሳቀ። ሹሞቹ ትችቱን ይቅር ይሉት ነበር፤ ሳቁን ግን ማን ይችላል!

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ፖሊሶች መጡ። ለእሱ አንድ ይበቃ ነበር፤ ሁለቱ ለክብሩ ናቸው። ሱቁን ሲፈትሹ ክሩ መሀል የተቀበረ ደብተር አገኙ፣ ደስታቸውም ወሰን አጣ።

ስለ ደብተሩ አንድ ነገር እንወቅ። የሴቶቹን ልኬት የምትወስደው ሚስቱ ዋፊቃ ናት፤ እሱ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኖ ይጽፋል። ሲጽፍ ግን ስም አይጽፍም። አባቱም አልጻፉም። የሴት ወገብ ከነስሟ ሱቅ ውስጥ ሲንከባለል መዋል ነውር ነው። ሰፈሯንና የጨርቁን ቀለም አስፍሮ ቁጥሩን ያስከትላል፤ የማን እንደሆነ እሱና ዋፊቃ ያውቃሉ፣ ከነሱ በላይ አላህ።

ኢንስፔክተር ለማ ከሌላ ክልል ተዛውረው ከመጡ አራት ወራቸው ነው፤ በአራት ወር እንዲህ ያለ ሲሳይ አልገጠማቸውም።

«ኤረር በር፣ ቀይ፣ 112፣ 98፣ 24» ብለው አነበቡ። «ቀዩ ምንድን ነው?»

«ሳቲን ነው፣ ጌታዬ።»

«112ስ? የሰው ብዛት ነው?»

«አንድ ሰው ናት።»

«አንድ ሰው፣ መቶ አሥራ ሁለት?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ጤነኛ ናት።»

«ሃያ አራትስ? ቀኑ ነው?»

«ቁርጭምጭሚቷ ነው።»

ኢንስፔክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጡ። ዘከሪያ የሸሚዛቸውን ትከሻ ያያል፤ ማን እንደሰፋው ቢያውቅ ይመክረው ነበር።

«ስማ፣ አንተን ማቆየት እኔም አልፈልግም። የሴትየዋን ስም ንገረኝ። ጠርተን እናጣራለን፣ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

ዘከሪያ ፈራ። ጀግና አልነበረም። ቤቱን አሰበ፣ ዋፊቃን አሰበ። የተጠየቀው አንዲት ስም ብቻ ናት። ደግሞ የቀዩ ሳቲን ባለቤት፣ እማማ ናፊያ፣ ጣቢያ ተጠርተው፣ አንድ ወጣት ፖሊስ ደረታቸውን ከቁጥሩ ጋር ሲያስተያይ ታየው።

«አማና ነው፣ አደራ ነው» አለ በመጨረሻ። «የሰው ገላ ነው። አልናገርም።»

ተናገርክ ተብሎ ታሰረ፤ አሁን ደግሞ አልናገርም ብሎ ሊሰነብት ነው። አንዳንድ ሰው መንግሥትን ማስደሰት አያውቅበትም።

ፍርድ ቤት የቀረበው በስድስተኛው ቀን፣ ሰኞ ነው። ፖሊስ ተጠርጣሪው የምስጢር ቁጥሮቹን ሊገልጽ ስላልፈቀደ አሥራ አራት ቀን ይጨመርልኝ አለ። ዳኛዋ ወደ ዘከሪያ ዞሩ።

«የልብስ ልኬት ነው፣ ክብርት ዳኛ። የማን እንደሆነ ግን አልናገርም።»

«የኔ ነው!» አለ ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ። ኤረር በር ቅመም የሚሸጡት ናፊያ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ስድሳ አምስት ቢሆንም ድምፃቸው አላረጀም።

«ችሎት ነው፣ እናቴ፣ ይቀመጡ!»

«አልቀመጥም! ቀዩ የኔ ነው፣ ለልጄ ሰርግ ያሰፋሁት። ደረት መቶ አሥራ ሁለት፣ ወገብ ዘጠና ስምንት። ሜትር አምጡና ለኩኝ! የምትለካኝ ግን ሴት ትሁን።»

«እማማ ናፊያ፣ ያ ሱብሐነላህ!» አለ ዘከሪያ።

«አንተ ዝም በል! አደራህን ጠብቀሃል፣ ጀዛከላህ። ገላው የኔ ነው፤ እኔ ብናገረው ምን አገባህ?»

«የሰንጋ በሩ ሰማያዊ የኔ ነው!» ብላ ሌላዋ ተነሣች። ሦስተኛዋም ተከተለች፤ እሷማ ባለፈው ረመዳን ከስታለችና ቁጥሩ እንዲታረምላት አመለከተች። ዘከሪያ ጆሮውን ይዞ መሬት መሬቱን አየ። ዳኛዋ ሳቃቸውን በመዝገቡ ጋርደው ደብተሩ ለባለቤቱ ይመለስ ብለው አዘዙ።

ዘከሪያ የተፈታ መስሎት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ሲል መርማሪው ኢንስፔክተር ለማ «ደብተሩ ይቅር፤ ንግግሩስ?» አሉ።

ለንግግር ልኬት አልተሠራለትም። ሰባት ቀን ተሰጠ፤ ዘከሪያም ወደ ጣቢያው ተመለሰ። ቢላል ዓርብ ዕለት በጓሮ በር ተለቆ ነበር፤ ለምን እንደታሰረም ለምን እንደተፈታም የነገረው የለም።

ያን ሰኞ ችሎት የመጡት ሴቶቹና መምህርት አስቴር ብቻ ነበሩ። ወንዱ ፈረስ መጋላ ካፌ ተደርድሮ «ዘከሪያ ጥሩ ሰው ነበር» ይላል። ነበር! ሰውየው በሕይወት እያለ።

እንግዲህ አንተ አንባቢ፣ መጪው ሰኞ በሦስት ሰዓት ችሎቱ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ወንበርም ሞልቷል። ናና ተቀመጥ። ሥራ አለብኝ የምትል ከሆነ ምክንያትህን እዚህ አታሰማን፤ ኤረር በር ውረድና ለናፊያ ፊት ለፊት ንገራቸው፤ ከዚያ እሳቸው የመለሱልህን መቻል ያንተ ፈንታ ነው።